የእርሻው ዳርቻ የማን ነው?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ይታተም የነበረው «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ» ዕለታዊ ጋዜጣ የመጨረሻ እትሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2009 ነው። 150 ዓመት ሊሞላው 55 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶችና የ1930ዎቹን ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ተሻግሮ የመጣ ጋዜጣ ነው። ስለ አሟሟቱ ሲነገር የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ይነሣል፤ አንዲት ከተማ ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦችን መቀለብ አቃታት የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ቀውሱ ሳይመጣ በፊት ግን ጋዜጣው ይኖርበት የነበረው የገቢ ምንጭ መንጠፍ ጀምሮ ነበር። ያ ምንጭ በኋለኞቹ ገጾች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚታተመው፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የቤት ኪራይ፣ የክፍት ሥራና የአሮጌ ዕቃ ማስታወቂያ ነው።

ክሬግ ኒውማርክ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1995 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሆኖ ለወዳጆቹ የከተማዋን ዝግጅቶች በኢሜይል ማሳወቅ ያዘ። ያ ዝርዝር አድጎ «ክሬግስሊስት» ሆነ። ቤት የሚያከራይ፣ አልጋ የሚሸጥ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን የሚለጥፍበት፣ ለአብዛኛው ነገር ክፍያ የማይጠየቅበት የኢንተርኔት ገበያ ማለት ነው። ሮበርት ሲማንስና ፌንግ ዙ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት አስተዋዋቂዎች በዚህ ምክንያት ሳያወጡት የቀረውን ገንዘብ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል ብለው ገምተዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አልጋ ሻጩ ወጪ ቀረለት፣ ገዢውም የፈለገውን ቶሎ አገኘ። ኒውማርክ ማንንም አላታለለም፤ ከማንም አልቀማም። ታዲያ ያ ለጋዜጣው ይከፈል የነበረ ገንዘብ ምን ይሠራ ነበር? ጧት ጧት ፍርድ ቤት ሄዶ የሚቀመጠውን፣ የከተማው ምክር ቤት በጀት እስኪያጸድቅ የሚያመሸውን፣ አብዛኛውን ቀን የሚጻፍ ነገር ሳያገኝ የሚመለሰውን ዘጋቢ ያኖር ነበር። አልጋ ሻጩ ይህን አላሰበም፤ ለዘጋቢው አዋጣ ቢባል እሺ ማለቱም ያጠራጥራል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል እንደሚለው በአሜሪካ ጋዜጦች የዜና ክፍል ይሠሩ የነበሩት ሰዎች በ2008 ወደ 71 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ፤ በ2020 ወደ 31 ሺህ ወርደዋል። የፋይናንስ ምሁራን ደግሞ ጋዜጣቸው የተዘጋባቸው አካባቢዎች አስተዳደሮች ገንዘብ ሲበደሩ የሚጠየቁት ወለድ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ተመልካች የሌለውን ሹም አበዳሪው አያምነውም። ዋጋውን እንግዲህ የከተማው ነዋሪ ሁሉ፣ አልጋ ሻጩም ጭምር፣ በግብር በኩል ይከፍለዋል ማለት ነው።

የስልኩም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ መሪ ቴዎዶር ቬይል በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ሥርዓት፣ አንድ ፖሊሲ፣ ለሁሉም የሚደርስ አገልግሎት የሚል መፈክር ይዞ ተነሣ። መጀመሪያ ላይ መፈክሩ ኩባንያው ብቻውን ገበያውን እንዲይዝ የሚከራከር ነበር። እየዋለ እያደረ ግን በእርግጥ ሥራ ላይ የዋለ ድጎማ ሆነ። ከኒውዮርክ ካሊፎርኒያ የሚደውለው ነጋዴ ከአገልግሎቱ ዋጋ በላይ ይከፍላል፤ ትርፉ በሞንታና ገጠር ለብቻዋ ለቆመች የገበሬ ቤት የሚዘረጋውን ሽቦ ይደጉማል። በ1960ዎቹ ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ መልእክትን ቆራርጦ በተለያየ መንገድ የሚልክ፣ ኋላ ለኢንተርኔት መሠረት የሆነውን ሐሳብ ይዞ ወደዚህ ኩባንያ ቢሄድ አይሆንም ተባለ። በ1984 መንግሥት ኩባንያውን ከፋፈለው። በ2003 ስካይፕ መጣ፣ በ2009 ዋትስአፕ ተመሠረተ፤ የርቀት ጥሪ የሚባለው የገቢ ምንጭም አብሮ ተነነ።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ስለ ፍትሕ ሲጽፍ፣ በሰውና በሰው መካከል ያለውን የልውውጥ ፍትሕ ከጋራ ሀብት ክፍፍል ፍትሕ ለይቶ አስቀምጧል። በዚያ ሚዛን ሲታይ ኢንተርኔት የልውውጡን ፍትሕ አንድም ገበያ ካደረሰበት በላይ አድርሶታል፤ እያንዳንዱ የወሰደውን ያህል ብቻ ይክፈል፣ ያልወሰደውን አይክፈል። የክፍፍሉ ፍትሕ ግን በልውውጡ ጉያ ተደብቆ ይኖር ስለነበር አብሮ ተጠርጎ ወጣ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰው ለወሰደው በትክክል ከከፈለ ዕዳው ሁሉ አልቋል ወይ?

የጥንቱ ሕግ አላለቀም ይላል። በኦሪት ዘሌዋውያንም በዘዳግምም የተጻፈው የአጨዳ ሕግ ባለ እርሻውን ማሳህን እስከ ጠርዙ አትጨድ፣ የወደቀውን ተመልሰህ አትልቀም፣ ለድሃውና ለመጻተኛው ተው ይለዋል። ሞዓባዊቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ውስጥ የዳርቻውን መጠን ሲተምኑ ከስድሳ አንድ እጅ እንዳያንስ አሉ። በቁርኣንም በሱረቱል ቀለም የአትክልት ቦታ ባለቤቶች ታሪክ አለ፤ ድሃ ሳይደርስባቸው ማልደው ሊለቅሙ ተማክረው ሲደርሱ ፍሬው ጠፍቶ አገኙት። የእነዚያ ሰዎች ጥፋት ስርቆት አይደለም፤ የራሳቸውን ፍሬ ነው ሊለቅሙ የሄዱት። ጥፋታቸው ጨርሰው ለመልቀም መማከራቸው ነው።

ይህን ሕግ የቸርነት ምክር አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የኖረው ፈላስፋና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ ሕጎቹን ባጠናቀረበት መጽሐፉ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፦ ባለ እርሻው የትኛው ድሃ ይቃርም ብሎ መምረጥ አይችልም፤ ድሃው መጥቶ ይወስዳል፣ ባለቤቱ ባይወድም እንኳ። ዳርቻው በባለ እርሻው ማሳ ውስጥ አለ እንጂ የባለ እርሻው አይደለም። ስለዚህ ምስጋናም አይጠይቅበትም።

ማጭድ የያዘ ሰው ዘንግቶትም ደክሞትም ጥቂት ዘለላ ያስቀራል። አሮጌው ጋዜጣና አሮጌው ስልክ እንዲሁ ነበሩ፤ የሒሳባቸው ዝርክርክነት ለሌላው መኖሪያ ይተው ነበር። አዲሱ መሣሪያ ዘለላ አይጥልም። ማን ምን እንደፈለገ፣ በስንት ሳንቲም እንደሚገኝ፣ የትኛው ማስታወቂያ የትኛውን ዐይን እንደሳበ ስለሚያውቅ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ያጭዳል።

እዚህ ላይ ግን አሮጌዎቹን ጌቶች ማመስገን ለሚቃጣው ሰው ብርቱ ተቃውሞ አለበት፤ ተቃውሞውን ደግሞ ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በድሃው ስም ዳርቻውን አጥሮ ለራሱ የሚያጭድ ባለ እርሻ ታይቷልና።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቴሌ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ኖረ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ለሰጪውም ለተጠቃሚውም ከለከለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761 ወጣ፤ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት እስራት፣ አገልግሎቱን የሚያገኘውም እስከ 2 ዓመት እስራት ተደነገገበት። ስካይፕ የተጠቀመ ሁሉ ሊታሰር ነው ተብሎ በዓለም ዙሪያ ሲወራ፣ መንግሥት ሕጉ ለግሉ የሚጠቀመውን ሰው አይመለከትም ብሎ አስረዳ። ቢሆንም ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤቶች በአንዳንዱ ጥግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከውጭ ልጁ ጋር ያወራ የነበረ ወላጅ የሚያስታውሰው ዘመን ነው።

ለክልከላው የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ የዳርቻው ምክንያት ነበር፤ ገቢው ለገጠሩ መስመር፣ ለባቡሩ፣ ለልማቱ ይውላል ይባል ነበር። ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ያ ገቢ ከማን ይሰበሰብ ነበር? በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሐበሻ ሱቆች የስልክ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን እየፋቀ ከሚደውለው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ ከታክሲ ነጂው፣ ከሆስፒታል ተላላኪዋ። የካርዱ ነጋዴም የራሱን ይቆርጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን ካርድ የሚሸጡ ኩባንያዎችን የሰጡት ደቂቃ በማስታወቂያቸው ከነገሩት በእጅጉ ያንሳል ብሎ ከስሷቸዋል። ከዋሽንግተን ይልቅ የከፋው በዐረብ አገር ያለው ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕና በስካይፕ መደወልን ዘግታ፣ ፈቃድ ያላቸው ሁለት የቴሌኮም ድርጅቶች በክፍያ የሚያቀርቧቸውን መተግበሪያዎች ብቻ ፈቀደች። ሳዑዲ ዐረቢያ ይህን መሰል እገዳ ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ወሎ ወይም ጅማ ያለች እናቷን ድምፅ ለመስማት ከደመወዟ ትቆርጥ ነበር፤ ያ ቁራጭ የገጠር ሽቦ ዘረጋ ቢባል እንኳ ደሃዋ ደሃውን ደጎመች ማለት ነው።

የአጨዳው ሕግ ደግሞ ድሃውን ብቻ አልጠራም፤ መጻተኛውንም በስሙ ጠርቷል። አገሩን ጥሎ በሰው አገር የሚኖረውን ማለት ነው። ኢሞ፣ ቫይበር፣ ዋትስአፕ ለዚያ መጻተኛ ያደረጉለትን የትኛውም የቴሌ ሚኒስቴር አላደረገለትም። ድምፅ ብቻ ሳይሆን ፊት አሳዩት። ልጁ ክርስትና ሲነሣ፣ አባቱ ሲታመም፣ ኒካሕ ሲታሰር፣ ተዝካር ሲወጣ ሩቅ ያለው ሰው ተገኘ። ይህን ያቃለለ ክርክር ስለ ፍትሕ የሚናገር አይሆንም። ከባለ እርሻው ይልቅ አጥር ሰባሪው ወደ ሕጉ ቀርቦ የተገኘበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ማንገሥም፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ ማንገሥም አይበቃም። በአሮጌው ሥርዓት የነበረው ዋና ጉድለት መደበቁ ነው። ከጥሪው ዋጋ ምን ያህሉ ለገጠሩ እንደሄደ፣ ምን ያህሉ ለሹሙ መኪና እንደሄደ ማንም ቆጥሮ ማየት አይችልም ነበር። ከማስታወቂያው ገንዘብ ምን ያህሉ ለፍርድ ቤት ዘጋቢው፣ ምን ያህሉ ለባለ አክሲዮኑ እንደደረሰም እንዲሁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የብዙ አሜሪካ ጋዜጦች ትርፍ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ግን ትንሽ ነው። የጥንቱ ሕግ ዳርቻ በአንጻሩ ሜዳ ላይ ነው። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ ተትቶ እንደሆነ፣ ታጭዶም እንደሆነ ይታወቃል።

አዲሶቹ ባለ እርሻዎች ምንም አልተዉም ማለትም ሐሰት ነው። የተዉበት አኳኋን ግን ማይሞኒደስ የከለከለው ዓይነት ነው። ፌስቡክ በ2013 ባስጀመረው ዘመቻ፣ ኋላ ፍሪ ቤዚክስ ባለው አገልግሎት፣ ለድሃ አገር ሰዎች ያለ ክፍያ ኢንተርኔት እሰጣለሁ ብሎ ተነሣ። የሚከፈቱት ድረ ገጾች ግን የተወሰኑ ነበሩ፤ ፌስቡክ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ በሩን የሚጠብቀውም ኩባንያው ነበር። ሕንድ ውስጥ ከረጅም ክርክር በኋላ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2016 እንዲህ ድረ ገጽ እየለዩ የተለያየ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ብዙዎች በወቅቱ ድሃው ምንም ከሚያጣ ትንሽ ቢያገኝ ምን ነበረበት ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው የሚናቅ አይደለም፤ የተራበ ሰው የትኛው ጠርዝ ነው ብሎ አይመርጥም። ሆኖም ድሃው የሚቃርመውን ዘለላ ባለ እርሻው እየመረጠ ከሰጠው፣ ቃራሚው ሎሌ ሆነ ማለት ነው። የሕንዱ ውሳኔ ትክክል ነበር።

ኒውማርክም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ2018 ለኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት 20 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱም በስሙ ተጠራ። መልካም ሥራ ነው፤ ያደረገውም በፈቃዱ ነው። ሆኖም ስጦታው ሰጪው በወደደው ጊዜ፣ ሰጪው ለወደደው ቦታ ነው። የጠፋው ግን ማንም ሳይወደውም የሚመጣ ገንዘብ ነበር፤ ያ ገንዘብ የከንቲባውን ወዳጅ የሚያጋልጠውንም ዘጋቢ፣ የማስታወቂያ ከፋዩን ጥፋት የሚጽፈውንም ያኖር ነበር።

ዳርቻውን በሕግ ለማስተው የሞከሩ አገሮችም አሉ። አውስትራሊያ በ2021 የኢንተርኔት መድረኮች ለዜና አቅራቢዎች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ ልታወጣ ስትል ፌስቡክ ዜናን ከአገሪቱ ገጾች አወረደ፤ አብረው የጤና መሥሪያ ቤቶችና የድንገተኛ አደጋ አገልግሎቶች ገጾች ጠፉ። ከቀናት በኋላ ሕጉ ለዘብ ተደርጎ ስምምነት ተደረሰ። ካናዳ በ2023 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ጉግል በዓመት 100 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ግን ከዚያ ዓመት ኦገስት ጀምሮ ዜናን ዘጋ። በዚያው ወር የሎውናይፍ በተባለችው የሰሜን ካናዳ ከተማ ዙሪያ ሰደድ እሳት ተነሥቶ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከተማዋን ለቅቆ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ሰዎቹ በለመዱት ገጽ ላይ የአካባቢያቸውን ዜና መለዋወጥ አልቻሉም። የሁለቱ አገሮች ሕግ ድካሙ ባለ እርሻው ማሳውን ዘግቶ መሄድ እንዲችል መተዉ ነው። ክፍያው ከዜና ማገናኛ ጋር ስለታሰረ፣ ዜናውን የጣለ ከዕዳው ነጻ ይወጣል። የኦሪቱ ሕግ ግን ገበሬው በሚያጭደው ሁሉ ላይ የተጣለ ነው፤ ድሃው እንዳይመጣብኝ ብሎ ከስንዴ ወደ ገብስ ቢለውጥ አያመልጥም።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ጉዳይ በአራት ኪሎ በኩል ያውቀዋል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከአዟሪው ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው፣ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ እየገለበጡ የሚመልሱበት ቦታ ነበር። ሪፖርተርን የመሰሉ ጋዜጦች የሚወፍሩት በእነዚያ ማስታወቂያዎች ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ቻናል በነጻ ይደርሳል፤ ለሥራ ፈላጊው ትልቅ እፎይታ ነው፣ ሊቀናበት አይገባም። ይሁን እንጂ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሎን ለመዘገብ፣ የመሬት ጨረታን ተከታትሎ ለመጻፍ የሚላክ ጋዜጠኛ ከዱሮውም ብርቅ ነበር። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ሲንር የማስታወቂያው ገቢ ከሸሸ፣ ያ ብርቅ ሰው መጀመሪያ የሚቀነሰው ነው። በምትኩ የሚመጣው በዩቲዩብ ተመልካች ብዛት የሚኖር ተናጋሪ ነው፤ እሱን ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት የሚወስደው ምንም ጥቅም የለም።

ዳርቻውን በግልጽ የማስተው ሙከራ ረጅም ዕድሜ ያገኘው በአሜሪካ ስልክ ላይ ነው። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በጥሪ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ድጎማ አውጥቶ በግልጽ የሚቆጠር ፈንድ አደረገው፤ ለገጠሩ መስመር፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት፣ ለገጠር ጤና ተቋም፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የሚውል። ከዚህ በላይ ወደ ጥንቱ ሕግ የቀረበ አሠራር ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን መዋጮው የተጣለው ከግዛት ግዛት በሚደረግ ጥሪ ገቢ ላይ ነው፤ ሰው ደግሞ መደወል ትቶ በኢንተርኔት ማውራት ጀመረ። የሚታጨደው ማሳ ሲጠብ የመዋጮው መቶኛ ከአንድ አሐዝ ተነሥቶ ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ፤ ሸክሙም ከስልካቸው ባልተላቀቁት፣ ብዙዎቹ አረጋውያን በሆኑት ሰዎች ላይ ተከመረ። በጁን 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈንዱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ አጸናው። ከማን ይሰብሰብ የሚለው ግን የዳኞቹ ጥያቄ አልነበረም፤ ለኮንግረሱ የቀረ ነው። በዚያ መዋጮ በተዘረጋ የገጠር መስመር ላይ ፊልምና ማስታወቂያ እያስተላለፉ ትርፍ የሚሰበስቡት ኩባንያዎች ለፈንዱ አንድ ሳንቲም ሳይጠየቁ፣ የመስመር ስልክ ያላት አሮጊት በየወሩ የምትከፍልበት ሕግ የተጻፈው በ1996 ነው፤ ሊለወጥ የሚገባውም ማጨጃው ከተለወጠ ጀምሮ ነበር።